እግሩን እይልኝ

ለውድ አባቴ ለአሰልጣኝ አልሲድ ፎንተኖ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የዓይንህን ነገር ልጠይቅ። ሐኪሙ ፋሻውን ፈታልህ ወይስ አሁንም የእማዬን ክንድ ይዘህ ነው በረንዳ የምትወጣው? ጉልበትህስ እንዴት ነው፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮው ቀድሞ መናገሩን አልተወም? የእማዬ ደም ግፊት ወረደላት? አያቴ ሜሜስ አሁንም ጨው ደብቃችሁብኛል እያለች ትከሳችኋለች? ወንድሜ ረሚና ባለቤቱ ኮሌት፣ ያቺ ጥርስ አበቀለች የተባለችው ሕፃናቸውም ጭምር፣ ሁላችሁም እንደምን ከረማችሁ? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር እሮጣለሁ። በአካሌ ያልኩት ሌላውን ልደብቅህ አይደለም። ሌላውን ልነግርህ ነው ቁጭ ያልኩት።

ስልኬ ላይ የተውከውን መልእክት ሰምቼዋለሁ። «ኮሪን፣ ጊድሪ ፀጉር ቤት የሚወራውን ሰማሁ። ሦስት ዓመት ያስበላሻቸው አንቺ ነሽ?» ብለህ ዘጋኸው። እንዴት ነሽ እንኳ አላልክም። ሰው ሁሉ በሬዲዮ ሲሰድበኝ ሳምንት ቢያልፍም አላለቀስኩም፤ ያንን ስሰማ ግን መኪናዬን ዳር ማቆም ነበረብኝ። ስለዚህ መልሱን በስልክ አልፈለግኩም። በስልክ እንጯጯሃለን፣ አንተም ትዘጋለህ፣ እኔም እዘጋለሁ። በወረቀት ግን እስከ መጨረሻው ትሰማኛለህ።

ዓይንህ እስኪድን የምታነብልህ እማዬ እንደሆነች አውቃለሁ። እማዬ፣ ስለ ኳስ መሆኑን ስታዪ አጥፈሽ ወደ ድስትሽ እንዳትሄጂ። ለአንቺም እንዲገባሽ አድርጌ እጽፈዋለሁ። ነገሩ ወረፋ ነው። በየዓመቱ በሚያዝያ ሠላሳ ሁለቱ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድኖች ከኮሌጅ የሚወጡትን ልጆች ተራ ይዘው ይመርጣሉ፤ ሁሉም አንድ አንድ ልጅ ሲመርጡ የመጀመሪያው ዙር ያልቃል፣ ሁለተኛው ይጀመራል። ባለፈው ዓመት ክፉኛ የተሸነፈው ከፊት ይቆማል፣ ያሸነፈው ከኋላ። ከፊት ያለው ተራውን መሸጥ ይችላል፤ የሚከፈለው ግን በገንዘብ ሳይሆን በሌላ ተራ ነው፣ በከርሞም ከዚያ በሚቀጥለውም ዓመት ተራ። ሰው ይህን ያህል የሚያብደው አብዛኛውን ጊዜ ለኳርተርባክ ነው፤ ኳሱን ለሚወረውረው ልጅ፣ አባዬ እራት ላይ ስሙን እየጠራ ለሚያማው ማለቴ ነው። ጥሩ ወርዋሪ የሌለው ከተማ ደግሞ ምን እንደሚመስል እዚህ ቶሌዶ መጥተሽ ብታዪው ይገባሽ ነበር። ሰዉ ሰኞ ሰኞ ከቀብር የመጣ ይመስላል።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ባለፈው ጥቅምት የቡድናችን ሥራ አስኪያጅ ቻድ ሌንሃርት ቢሮው ጠራኝና ወደ አይዋ ግዛት ሂጂ አለኝ። እዚያ በአንዲት በእህል ጎተራ በተከበበች ከተማ፣ ማንም በማያውቀው ኮሌጅ የሚጫወት ዌስ ክራል የሚባል ወርዋሪ አለ። በቡድኑ ውስጥ ካሉት ተጫዋች መልማዮች ሁሉ ትንሿ እኔ ነበርኩ፣ ሴትም እኔ ብቻ ነበርኩ። ለእንዲህ ያለ ሥራ እኔን በመምረጡ ምን ያህል እንደኮራሁ ለአንተ አልነገርኩህም፤ ሥራው ሲሳካ ልነግርህ ነበር።

ልጁን ሦስት ጊዜ ሄጄ አየሁት። ክንዱ እንደ ወንጭፍ ነው አባዬ፣ ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ይሰዳል። ግን እኔ የአንተ ልጅ ነኝ። ትንሽ ሆኜ ልምምድ ላይ አግዳሚ ወንበሩ ጫፍ አስቀምጠኸኝ ያልከኝን አልረሳሁም፤ «አፉን ተዪው፣ ሁሉም አፍ አለው። ክንዱንም ተዪው፣ ክንድ ለሁሉም ይታያል። እግሩን እዪ» ብለኸኝ ነበር። የዌስን እግር አየሁ። ተከላካዮቹ ሰብረው ሲመጡበት የቀኝ ተረከዙ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ክብደቱ ሁሉ በኋላ እግሩ ላይ ያርፋል፣ ኳሱም ከተቀባዩ ራስ በላይ ያልፋል። እሱ ፈሪ ሆኖ አይደለም። ከፊቱ ሆነው የሚጠብቁት ልጆች ደካሞች ስለነበሩ አራት ዓመት ሙሉ ሲደበደብ ነው የኖረው፣ እግሩ ያንን ለምዷል። የሚድን ነገር ነው፤ ጊዜ ግን ይፈልጋል።

የጻፍኩት ሪፖርትም ይኸው ነበር። በሁለተኛው ዙር፣ በራሳችን ተራ እናገኘዋለን፣ ማንም አይሻማንም፤ ሁለት ዓመት ተቀምጦ እግሩን ያስተካክል፤ ዘንድሮ መስከረም ላይ ውድድሩ ሲጀመር ካስገባነው ግን እናበላሸዋለን። ይህንኑ ለእናቱም ነግሬያት ነበር። ዳርላ ትባላለች፣ የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ናት። ወጥ ቤቷ አስቀምጣኝ በድንች የጋገረችውን ሥጋ ከምበላው በላይ እየቆለለችልኝ፣ «እናንተ ሰዎች ስትመጡ ሁላችሁም ልጄን ንጉሥ ታደርጉታላችሁ። አንቺ ብቻ ነሽ ቁጭ ይበል ያልሽ» አለችኝ። ወደድኳት። እሷም የወደደችኝ ይመስለኛል።

መጋቢት ላይ ሪፖርቴን ለሌንሃርት ሳቀርብለት አንዱን ገጽ እንኳ አልገለጠም። «ግሩም ሥራ ነው» አለኝና ወደ ጎን ገፋው። «ግን ኮሪን፣ አልገባሽም እንዴ? የምንልክሽ ልጁን እንድታዪው አይደለም። ሌሎቹ አንቺን እንዲያዩሽ ነው።» ለካ ከፊተኛው ረድፍ ተቀመጪ፣ የቡድኑን ኮፍያ አድርጊ፣ ካሜራ ሲመጣ አትሽሺ ያለኝ ሁሉ ለዚህ ነበር። እኛ በራሳችን በአሥረኛው ተራ የምንፈልገው አንድ ግዙፍ ተከላካይ ነበር። ዌስን የምንፈልግ መስለን ከታየን ሌሎቹ ተደናግጠው ወደ ዌስ ይሮጣሉ፣ ተከላካዩ ለእኛ ይቀርልናል። ከምርጫው በፊት ሁሉም ቡድን ይዋሻል፤ አንተም ታውቃለህ፣ ይህ በእኛ ሥራ ነውር አይደለም። እኔን ያቃጠለኝ መዋሸታቸው ሳይሆን በእኔ መዋሸታቸው ነው። ሁለት ዲግሪ ይዤ፣ በየበረዶው ነድቼ፣ የዚያችን ሴት ምግብ በልቼ፣ ለካ የሱቅ መስኮት ላይ የሚቆም አሻንጉሊት ኖሬያለሁ።

ያን ጊዜ ነበር መልቀቅ የነበረብኝ ትለኝ ይሆናል። አልለቀቅኩም፤ ዌስ በሁለተኛው ዙር ከደረሰን ሪፖርቴ ያኔ ይነበባል ብዬ ነው። አሁን የሚመጣውን ደግሞ በደንብ ስማኝ፣ ጊድሪ ፀጉር ቤት የማያውቁት ይህን ነው።

የቡድኑ ባለቤት ሽማግሌው ኦርቪል ስትራክ ምስጢር አይቋጥርም። ጎልፍ ሲጫወት ዱላ ለሚሸከምለት ሰው ሳይቀር ማንን እንደምንመርጥ ይነግረዋል። ስለዚህ ሌንሃርት ማታለያውን ከእሱም ደበቀው። ወሬው ግን በየጋዜጣው ወጣ፣ ኮፍያውን ያደረግሁበት ፎቶዬ ሳይቀር። ስትራክ በየጠዋቱ ወንዙ ዳር ባለች አንዲት ቁርስ ቤት እንቁላሉን ይበላል። ቡድኑን ከአባቱ ከወረሰ ጀምሮ ሰዉ እዚያ ሲያየው ፊቱን እያዞረበት ነው የኖረው። በሚያዝያ አንድ ጠዋት ሲገባ ግን ቤቱ ሙሉ ተነሥቶ አጨበጨበለት። አስተናጋጇም «ሚስተር ስትራክ፣ በመጨረሻ ወርዋሪ ሊያመጡልን ነው አሉ። ዛሬ እንቁላሉ በእኔ ነው» አለችው። ሽማግሌው እንባው መጣ ይላሉ። አንድ ጨዋታውን እንኳ ሳያይ የዌስ ክራልን ነገር ሙጭጭ ብሎ ያዘው።

የምርጫው ዕለት ሁላችንም አንድ ክፍል ውስጥ ነበርን። ከወረፋው ሁለተኛ የቆመው አንድ የምዕራብ ቡድን ስልክ ደወለ። የምትፈልጉት ዌስን ከሆነ ተራችንን እንሰጣችኋለን፤ የዘንድሮውን፣ የከርሞውንና ከዚያ የሚቀጥለውን ዓመት የመጀመሪያ ዙር ተራችሁን ስጡን አሉ። ሌንሃርት ስቆ ሊዘጋ ሲል ስትራክ ከኋላው እጁን ትከሻው ላይ ጣለና «እሺ በላቸው» አለው። የሌንሃርት ፊት አመድ መሰለ። ስልኩን ሳይዘጋ ጠረጴዛው ላይ ትቶ፣ ለመመካከር የወጣ መስሎ ወደ ኮሪደሩ ሲወጣ ተከተልኩት። ንገረው አልኩት። «ምን ብዬ? ከጥቅምት ጀምሮ እርስዎንም ሳታልል ነበር ልበለው?» አለኝ። ካልነገርከው እኔ እነግረዋለሁ አልኩት። «ሞክሪ» አለኝ።

ገባሁና ሰው ሁሉ ባለበት ነገርኩት። «ሚስተር ስትራክ፣ ይህ ማታለያ ነበር። እኔ ወደ አይዋ የተላክሁት ለታይታ ነው። ልጁን በሁለተኛው ዙር በራሳችን ተራ እናገኘዋለን፣ ደግሞም ለመስከረም አልደረሰም» አልኩት። ሽማግሌው ትኩር ብሎ አየኝ። ከዚያ ሳቀ፣ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። «ቻድ፣ ይቺን ልጅ ከየት አገኘሃት? ስልኩ ክፍት መሆኑን አይታ እኮ ነው። እነዚያ እንዲሰሟትና ዋጋ እንዲቀንሱ ነው» አለ። ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። ክፍሉ በሙሉ አብሮት ሳቀ፣ ሌንሃርትም ከበሩ ላይ ሆኖ ሳቀ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። እውነቱን መናገሬን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ እሱም ይስቃል። አባዬ፣ ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ደጋግሞ ይመላለስብኛል። ብዋሽ ኖሮ ሊጠረጥረኝ ይችል ነበር። እውነቱን ስለተናገርኩ ግን ጎበዝ ውሸታም ናት ብሎ አደነቀኝ።

ስልኩ ሳይዘጋ ሦስቱ ዓመት ሄደ። ሌሊቱን ከተማው ሲጨፍር አደረ። በማግስቱ ግን ስካሩ ሲበርድ ሰው መቁጠር ጀመረ፤ ልጁን በዚያ ተራ የሚፈልገው ሌላ ቡድን እንዳልነበረም ታወቀ። ጋዜጠኞች ሌንሃርትን አፋጠጡት። እሱም ያለ አንዳች መደናቀፍ «ልጁን ከማንም በላይ ያየችው ወጣቷ መልማያችን ኮሪን ፎንተኖ ናት። ያሳመነችን እሷ ናት» አላቸው።

ከዚያ ወዲያ ያለውን አንተም ሰምተሃል። እዚህ በሬዲዮ አንዱ ደውሎ «ይቺን ልጅ መሀረብ ግዢ ብለህ ብትልካት መጋረጃውንም ምንጣፉንም ሰጥታ መሀረቧን ይዛ ትመጣለች» ብሎ አቅራቢው ወንበሩ ሲጥ ሲጥ እስኪል ሳቀለት። ሁልጊዜ ሽንኩርት የተጨመረበት የቋሊማ ዳቦ የምገዛበት ሱቅ ሄድኩ። ሉ የሚባለው ሻጭ በሌላ ጊዜ «የእኔ ደቡባዊት» እያለ ነበር የሚቀበለኝ። አሁን ዳቦና ቋሊማውን ብቻ ሰጠኝ። ሽንኩርቱስ ስለው «እህቴ፣ የሦስት ዓመት ሽንኩርትሽን ሰጥተሽዋል እኮ» አለኝ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ። ቀልዱ ጥሩ ነበር፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን እኔም እስቅ ነበር። ዳቦውን እዚያው ባንኮኒው ላይ ትቼለት ወጣሁ።

እሑድ ዕለት ሌንሃርት ቤቴ ድረስ መጣ። ሰኞ ዌስ ለከተማው በጋዜጠኞች ፊት ይተዋወቃል፣ አንቺ ከጎኑ ትቀመጫለሽ አለኝ። «እኔ ነኝ የጠየቅሁት፣ ዛሬም እቆምለታለሁ» ብቻ ትያለሽ፤ በማግስቱ የመልማዮች ምክትል ኃላፊ ትሆኛለሽ። ልጁ ካልተሳካለትስ አልኩት። «አንቺ ወጣት ነሽ፣ ሰው ይረሳል» አለኝ። የአንተ ስም ለምን አይሆንም ስለው «እኔ ልጆች አሉኝ» አለ። እኔ ደግሞ አባት አለኝ ብዬ በሩን ከፈትኩለት። ሲወጣ ደረጃው ላይ ዞር ብሎ «ለማንኛውም ነይ» አለኝ። የምመጣው እሺ ብዬ መስሎት ነው።

ሄድኩ። ዌስ አዲስ ሱፍ ለብሶ፣ የእኛን ኮፍያ አድርጎ፣ እኔን ሲያይ ፊቱ በራ። መድረኩ ላይ የሚያውቀው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ዳርላ ከፊት ረድፍ ተቀምጣለች። አንድ ጋዜጠኛ ተነሣና «ሚስ ፎንተኖ፣ ለዚህ ልጅ ሦስት ዓመት ስጡ ያልሽው አንቺ ነሽ?» አለኝ። አይደለሁም አልኩት። በሁለተኛው ዙር እንውሰደው ነው ያልኩት፣ ሁለት ዓመት ይቀመጥ ነው ያልኩት፣ የገዛነው ለማታለያ የነዛነውን ወሬ ራሳችን አምነን ነው፤ ለሚስተር ስትራክም በዚያው ዕለት ነግሬዋለሁ። ይህን ሁሉ ድምፄን ከፍ ሳላደርግ ተናገርኩ። ከዚያ ከኋላ አንዱ «ለመስከረም ተጋጣሚዎቻችሁን ከአሁኑ ማዘናጋት ጀመራችሁ ማለት ነው?» አለና አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ስትራክም በኩራት ራሱን ነቀነቀ። እንደገና፣ አባዬ። እንደገና።

ያልሳቀው ዌስ ብቻ ነው። ማይኩን ወደ ራሱ ጎተተና ወደ እኔ ሳያይ «እኔ ዝግጁ ነኝ። መስከረም እስኪደርስ ቸኩያለሁ» አለ። ድምፁ የጸና ነበር፣ ሰዉም አጨበጨበለት። ጠረጴዛው ከፊት በኩል በጨርቅ ተሸፍኗል፤ ከእኔ በኩል ግን ክፍት ነው። አላስቻለኝም፣ ዝቅ ብዬ አየሁ። የቀኝ ተረከዙ ወደ ኋላ እየሸሸ ወንበሩ ሥር ገብቶ ነበር።

ከአዳራሹ ስወጣ የመግቢያ ካርዴን ተቀበሉኝ። ሌንሃርት እንኳ አልመጣም፤ የላከው ጥበቃውን ነው። ማምሻውን ዳርላ ደወለችልኝ። «እውነቱን ነው የተናገርሽው። ለእኔም በወጥ ቤቴ የነገርሽኝ ያንኑ ነው። ግን ልጄን በአገር ፊት አሳፍረሽዋል» አለችኝና መልስ ሳትጠብቅ ዘጋች። ከተሰደብኩት ሁሉ አጥንቴ ድረስ የገባው የእሷ ነው፤ ምክንያቱም ሁለቱም የተናገረችው ልክ ነው። ሌላ ምን ማድረግ እችል እንደነበር ሳስበው ዋልኩ። ዝም ብል ልጁን አሳልፌ እሰጠው ነበር፣ ስናገር ደግሞ አዋረድኩት። እዚህ ቦታ ያስቀመጠኝ ሰውዬ ግን ዛሬም ቢሮው ውስጥ ነው፣ ደመወዙንም ይበላል።

ወደ ቤት ነይ እንዳትለኝ። እማዬም መኝታ ክፍሌን ማጽዳት ከጀመርሽ ተዪው። አሁን ብመጣ ጥፋተኛ ስለነበረች ሸሸች ይላሉ። ኪራዬን ከፍዬ እዚሁ እቆያለሁ፤ ሌላ ቡድን ቢወስደኝ እሠራለሁ፣ ባይወስደኝ በአንዱ ትምህርት ቤት ለልጆች እግር አስተካክላለሁ። ሉ ሱቅም እመለሳለሁ፣ ሽንኩርቴንም እበላለሁ።

አንተን የምለምንህ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሐኪሙ ዓይንህ እስከ ክረምቱ መጨረሻ ይድናል ብሏል ብላ እማዬ ጽፋልኛለች። በመስከረም የመጀመሪያው እሑድ ቡድኑ ሲጫወት ቴሌቪዥኑን ክፈት። ጊድሪንም ጥራው፣ ያንን ወሬ የሚያመላልሱትን በሙሉ ሰብስብልኝ። ድምፁን አጥፉት፣ ተንታኞቹ የሚሉት አያስፈልጋችሁም። ተከላካዮቹ ሰብረው ሲመጡ ሌሎቹ ክንዱን ይመልከቱ፤ አንተ እግሩን እይልኝ። እኔ ተሳስቼ ከሆነ፣ ተረከዙ ከጸና፣ ደውለህ ተሳስተሻል በለኝ፣ ከማንም በላይ ደስ የሚለኝ እኔ ነኝ። ከሸሸ ግን ምንም አትበላቸው። ዞር ብለህ እያቸው፣ ከዚያ ስሜን ጥራ። የአንተም ስም ስለሆነ ጮክ ብለህ ጥራው።

እማዬን ጉንጯን ሳምልኝ፣ እስከዚህ ድረስ ሳታጉረመርም ስላነበበች አመሰግናታለሁ። ለሜሜ ጨውዋ መደርደሪያው ላይ ከቡና ቆርቆሮው ጀርባ እንዳለ ንገሩልኝ፣ መደበቁ ይብቃ፣ ዘጠና ዓመት ሞልቷታል። ረሚን በእኔ ምክንያት ማንንም እንዳይደበድብ አደራ በልልኝ፣ ኮሌትም ትያዘው። ሕፃኗን እግሯን ሳሙልኝ። ለጊድሪ ሰላምታ የለኝም፤ መስከረም ላይ እልክለታለሁ።

ልጅህ ኮሪን
ቶሌዶ፣ ኦሃዮ
ሜይ 9 ቀን 2019